ፔሬድ ሳይቀር በፊት፦ የሃንጋሪው የቫይታሚን ሙከራ

ባለፈው ሰሞን የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከችልኝ። እህቷ ከቨርጂኒያ በሰው እጅ የላከችላት የቫይታሚን ብልቃጥ ነው። ካገባች ስምንት ወሯ ነው። አክስቴ በየሰንበቱ «እህሳ?» ማለት ጀምራለች። ብልቃጡ ላይ አበባ ተስሏል። ከአበባው ሥር የወር አበባ ዑደትን እንደሚደግፍ፣ ለመፀነስም እንደሚረዳ ተጽፏል። የሷ ጥያቄ አንድ ቃል ነበረች፦ «ይሠራል?»

በአንድ ቃል መመለስ አቃተኝ። ይህ ጥያቄ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች በተሳተፉበት ሙከራ አንዴ በደንብ ተጠይቋል። የተጠየቀው ሃንጋሪ ውስጥ ነው። የተገኘው መልስ ደግሞ ብልቃጡ ላይ ከተጻፈው ጋር ልክ አይገጥምም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጊዜው 1984፣ ቦታው ቡዳፔስት ነው። ኤንድሬ ጼይዘል የሚባል የዘረመል ሐኪም ነበር። ሃንጋሪያውያን በቴሌቪዥን ጭምር የሚያውቁት፣ መናገር የሚወድ ሰው ነው። ሐኪሙን የከነከነው ጉዳይ ቀላል ነው። ሴት ልጅ ሐኪም ቤት የምትሄደው ካረገዘች በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ የፅንሱ ዋና ዋና አካል ተሠርቶ አልቋል ወይም ሊያልቅ ነው። «ለምን ሳታረግዝ አንጀምርም?» አለ። በዚያው ዓመት የቤተሰብ ዝግጅት ፕሮግራም ከፈተ። ለመውለድ ያሰቡ ጥንዶች በፈቃዳቸው ይመጣሉ። ነርሶች ይቀበሏቸዋል። መጀመሪያ ጤናቸው ይታያል። ቀጥሎ የሦስት ወር መዘጋጃ አለ፤ ሲጋራም አልኮልም ይቆማል። ከዚያ በኋላ የእርግዝናው መጀመሪያ በቅርብ ይጠበቃል።

ሙከራው የተሠራው በዚህ ፕሮግራም ውስጥ ነው። ሴቶቹ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን የወሰደው ክኒን 12 ቫይታሚኖች፣ 4 ማዕድናትና 3 በጣም በጥቂቱ የሚያስፈልጉ ንጥረ ነገሮች ነበሩበት። ከቫይታሚኖቹ አንዱ ፎሊክ አሲድ ሲሆን መጠኑ 0.8 ሚሊግራም ነበር። ሌላው ወገን የወሰደው ክኒን መዳብ፣ ማንጋኒዝ፣ ዚንክና ትንሽ ቫይታሚን ሲ ብቻ ነበረው። ማን የትኛውን እንደያዘ ሴቷም አታውቅም፣ የምታያት ነርስም አታውቅም።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የቁጥጥሩ ነገር ነው። ለእያንዳንዷ ሴት ቅጽ ይሰጣታል። ጠዋት ከአልጋዋ ሳትወርድ ሙቀቷን ትለካለች፤ ትጽፋለች። ክኒኑን ስትውጥ ምልክት ታደርጋለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ቅጹንም የክኒኑን ሣጥንም ይዛ ትመጣለች። ነርሷ ትጠይቃታለች፣ ቅጹን ታያለች፣ ሣጥኑ ውስጥ የቀረውን ክኒን ትቆጥራለች። «ውጬዋለሁ» ብሎ ማለፍ የለም። የጠዋቱ ሙቀት ደግሞ ሁለት ሥራ ይሠራል። እንቁላል ከወጣ በኋላ የሰውነት ሙቀት ትንሽ ከፍ ስለሚል፣ ቅጹ የዑደቷ መዝገብም ይሆናል። ዛሬ ስልካችን ላይ በአፕ የምንሠራውን እነሱ በእርሳስና በቴርሞሜትር ሠርተውታል።

ክኒኑ የሚወሰደው ለማርገዝ ከታሰበበት ቀን ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ፣ ሁለተኛው የወር አበባ እስከሚቀርበት ቀን ድረስ ነው። ይህ መስመር ለምን እንደተመረጠ ካልገባን የቀረው ሁሉ አይገባንም። ስለዚህ ቀኑን አብረን እንቁጠር።

የወር አበባሽ የጀመረበትን ቀን አንድ በይው። ዑደቷ 28 ቀን የሆነ ሴት እንቁላሏ የሚወጣው በ14ኛው ቀን ገደማ ነው። በዚያ ቀን ተፀነሰ እንበል። ፅንሱ ላይ በመጀመሪያ ከሚሠሩት ነገሮች አንዱ የነርቭ ቱቦ ነው። ጠፍጣፋ የነበረ ነገር ይታጠፍና እንደ ቱቦ ይዘጋል፤ ኋላ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ይሆናል። ይህ ሥራ የሚያልቀው ከተፀነሰ በኋላ በ28ኛው ቀን ገደማ ነው። 14 ላይ 28 ሲደመር 42። ፔሬድ ይመጣል ተብሎ የሚጠበቀው ግን ከ28ኛው ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ፔሬድ ከቀረ ሁለት ሳምንት ሲሆን ጉዳዩ አልቋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደግሞ አብዛኞቻችን «ድካም ይሆናል፣ ጭንቀት ይሆናል፣ ይመጣል» እያልን ነው።

ቱቦው ከላይ በኩል ሳይዘጋ ከቀረ አንጎል በወጉ አይሠራም፤ ሕፃኑም አይተርፍም። ከታች በኩል ካልተዘጋ ስፓይና ቢፊዳ የሚባለው ይመጣል። ጀርባ ላይ ክፍት ይቀራል። እግር ሊሰንፍ፣ ሽንት መቆጣጠር ሊያቅት፣ ጭንቅላት ውስጥ ፈሳሽ ሊጠራቀም ይችላል። ፎሊክ አሲድ እዚህ ጋ የገባው ሴሎች ሲባዙ ዲኤንኤ ለመሥራት ስለሚያስፈልግ ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ ሴሎቹ በጥድፊያ ይባዛሉ።

ሐሳቡ ከጼይዘል የጀመረ አይደለም። እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ሪቻርድ ስሚዘልስ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ቀድሞታል። እሱ በ1980 ያወጣው ውጤት ጥሩ ነበር። ነገር ግን ሙከራው በዕጣ አልነበረም። በዕጣ ላድርገው ቢል የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ለግማሾቹ ባዶ ክኒን መስጠት አይሆንም ብለው ከለከሉት። ስለዚህ ቫይታሚን የወሰዱትን ካልወሰዱት ጋር አነጻጸረ። ተቺዎች ወዲያው ተነሱ። ቀድማ የምትመጣና ክኒን የምትውጥ ሴት በሌላውም ነገር ጠንቃቃ ትሆናለች፤ ታዲያ የጠቀማት ክኒኑ ነው ወይስ ጥንቃቄዋ? ጥያቄው ተገቢ ነበር። የሚፈታውም በዕጣ ብቻ ነው። የአዛኝ ቅቤ አንጓች የሆነ ክልከላ እውነቱን ዓመታት አዘገየው ብዬ አስባለሁ።

የሃንጋሪው ውጤት የታተመው በታኅሣሥ 1992 ነው፤ ጼይዘልና ባልደረባው ኢሽትቫን ዱዳሽ ናቸው ያወጡት። 4753 ሴቶች አርግዘዋል። ፍጻሜያቸው ታውቆ ለንጽጽር ከበቁት እርግዝናዎች ቫይታሚን የወሰዱት 2104፣ ሌላውን ክኒን የወሰዱት 2052 ነበሩ። የነርቭ ቱቦ ጉድለት በሁለተኛው ወገን 6 ተገኘ። በቫይታሚኑ ወገን ዜሮ።

ስድስት ለዜሮ። ትንሽ ቁጥር ነው፤ አልደብቅም። አንድ ሰው «አጋጣሚ ነው» ቢል አልቆጣውም። ግን ሌላም ነገር ነበር። ማንኛውም ዓይነት አብሮ የሚወለድ የአካል ጉድለት ሲቆጠር፣ በሌላው ወገን ከ1000 ውስጥ 22.9፣ በቫይታሚኑ ወገን 13.3 ሆነ። ከዚህም በላይ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1991፣ የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ካውንስል ትልቅ ሙከራ ውጤት አውጥቶ ነበር። በ7 አገሮች፣ በ33 ማዕከሎች የተደረገ ነው። የተሳተፉት ከዚህ ቀደም የነርቭ ቱቦ ጉድለት ያለበት እርግዝና የገጠማቸው ሴቶች ናቸው። ሃንጋሪ ራሷ አንዷ ተሳታፊ ነበረች።

የብሪታንያው ሙከራ አንድ ብልህ ነገር አድርጓል። ሴቶቹን ለአራት ከፈለ፦ ፎሊክ አሲድ ብቻ፣ ሌሎች ቫይታሚኖች ብቻ፣ ሁለቱም፣ ሁለቱም የሌለበት። 27 እርግዝናዎች ላይ ጉድለቱ ተገኘ። ፎሊክ አሲድ ካገኙት ወገን 6፣ ካላገኙት 21። የሌሎቹ ቫይታሚኖች ድርሻ አልታየም። ሙከራው ከታቀደለት ጊዜ በፊት ቆመ፤ ይህን ካወቁ በኋላ ለሴቶች ባዶ ክኒን መስጠት አይቻልማ። በሃንጋሪም አዲስ ሴት መቀበል በዚያው ዓመት አበቃ። በመስከረም 1992 አሜሪካ ማርገዝ የምትችል ሴት ሁሉ በቀን 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ታግኝ ብላ መከረች። በ1998 ደግሞ ዱቄት ውስጥ መጨመሩን ግዴታ አደረገች።

አሁን ወደ አክስቴ ልጅ ጥያቄ ልመለስ። የወር አበባስ? መፀነስስ?

ሃንጋሪዎቹ ያን ሁሉ ቅጽ ሰብስበው ይህንንም አዩት። ቫይታሚን የወሰዱት ሴቶች ዑደታቸው በመጠኑ የተስተካከለ ሆኖ ተገኘ። በመጠኑም ቶሎ አረገዙ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማቅለሽለሽና ማስመለስ ቀነሰላቸው። መንታ ደግሞ ትንሽ በዛ፤ ይህ ለሁሉም ሰው የምሥራች አይደለም።

«በመጠኑ» የሚለውን ቃል አስምሩልኝ። በዚያ ላይ እነዚህ ሴቶች መካን አልነበሩም። አብዛኞቹ የመጀመሪያ ልጃቸውን ለመውለድ የተዘጋጁ፣ ጤናማ፣ ወጣት ሴቶች ናቸው። ዓመታት ሞክራ ላልሆነላት ሴት ቫይታሚኑ ምን እንደሚያደርግ ሙከራው አይናገርም። ብልቃጡን የሚሸጠው ሰው ግን ትንሹን ጥቅም በትልቅ ፊደል ይጽፋል። ትልቁ ጥቅም፣ ያ ስድስት ለዜሮው፣ ከኋላ በኩል በደቃቅ ጽሑፍ ውስጥ በአንድ መስመር ተቀብሯል።

ለባልስ? እኛ ዘንድ ልጅ ሲዘገይ መጀመሪያ የምትታየው ሚስት ናት፤ ጠበል የምትሄደውም እሷ ናት። የወንዱን ጉዳይ አሜሪካኖች በደንብ ሞክረውታል። ለመካንነት ሕክምና ከተዘጋጁ ጥንዶች 2370 ወንዶች ተመረጡ። ግማሾቹ ለስድስት ወር በየቀኑ 5 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድና 30 ሚሊግራም ዚንክ ወሰዱ። ይህ ጥምረት ለወንዶች መውለጃ በየፋርማሲው የሚሸጥ ነው። ውጤቱ በጥር 2020 ወጣ። ልጅ የወለዱት ክኒኑን ከወሰዱት 34 በመቶ፣ ካልወሰዱት 35 በመቶ። የዘር ፍሬው (ስፐርሙ) ብዛትና ጥራት አልተሻሻለም። እንዲያውም በክኒኑ ወገን የተሰባበረ ዲኤንኤ ያለው የዘር ፍሬ ትንሽ በዝቶ ተገኘ፤ ሆድ ቁርጠቱና ማቅለሽለሹም እንዲሁ። አንዱ ንጥረ ነገር ለሴቷ፣ በትክክለኛው ሳምንት፣ ተአምር የሚመስል ሥራ ይሠራል። ያው ንጥረ ነገር ለባሏ ምንም አይፈይድም።

አሜሪካ ውስጥ ሰፕሊመንት (እንዲህ ያለ የማሟያ ክኒን) ገበያ ከመውጣቱ በፊት እንደ መድኃኒት መሥራቱን ማስመስከር የለበትም፤ ሕጉ ከ1994 ጀምሮ እንዲያ ነው። በሽታ ያድናል ማለት ግን አይፈቀድለትም። በግንቦት 2021 የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩና የንግድ ኮሚሽኑ መካንነትን እናክማለን የሚሉ ሰፕሊመንቶችን ለሚሸጡ አምስት ኩባንያዎች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉ። «ያክማል» የሚለው ቃል ጠፍቶ «ይደግፋል» የሚለው የበዛው በዚህ ሕግ ምክንያት ነው። የአክስቴን ልጅ የብልቃጡን ጀርባ አንስተሽ ላኪልኝ አልኳት። ላከች። በጉንዳን ፊደል ከታች በኩል ተጽፏል፦ ይህ አባባል በመንግሥት መሥሪያ ቤቱ አልተመረመረም፤ በሽታ ለማከምም ለመከላከልም የታሰበ አይደለም። ከፊት አበባ፣ ከኋላ ይህ።

ከጀርባው ግን ፈልጌ ያገኘሁት አንድ ጠቃሚ መስመር ነበር። ፎሌት የሚለው ላይ (ፎሊክ አሲድ የዚህ ቫይታሚን አንዱ ዓይነት ነው) 680 ማይክሮግራም ይላል፤ በቅንፍ ደግሞ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ። ብዙ ሰው እዚህ ይደናገራል። 680ው ከምግብ የሚገኘውን ያህል ሲሰላ ነው፤ ክኒኑ ውስጥ ያለው ግን 400 ነው። 400 ማይክሮግራም ማለት ያው 0.4 ሚሊግራም ነው። እሱ ይበቃታል። ከዚህ ቀደም የነርቭ ቱቦ ጉድለት ያለበት እርግዝና የገጠማት ሴት ግን መጠኗ ሌላ ነው፤ በብሪታንያው ሙከራ የተሰጠው 4 ሚሊግራም ነበር፤ እሱም በሐኪም ትእዛዝ ነው።

ሌላው ያየሁት የቫይታሚን ኤ መጠን ነው። ሃንጋሪዎቹ ራሳቸው ከ6000 ዩኒት ጀምረው ከ1990 ወዲህ ወደ 4000 አውርደውታል፤ ሬቲኖል የሚባለው ዓይነት ሲበዛ ፅንስ ሊጎዳ ይችላልና። ስለዚህ «አንዱ ከጠቀመ ሁለት ብልቃጥ ይበልጥ ይጠቅማል» ብሎ መደራረብ አይሠራም። ክኒኑ ውስጥ ብረትም አለ። የወር አበባዋ ለሚበዛባት ሴት ከዚያ ሁሉ ዝርዝር ቶሎ የሚሰማት ብረቱ ነው፤ ደም በሄደ ቁጥር ብረትም ይሄዳል። ብቻ ከቡና ጋር አይሆንም። ቡናና ሻይ ብረቱን ሰውነት እንዳይወስደው ይይዙታል። አቦል ቶና በረካ እስኪያልቅ ክኒኑ ይቆይ።

ደግሞ ፔሬዷ ሁለት ሦስት ወር እየዘለለ የሚመጣ ሴት ችግሩ የቫይታሚን ላይሆን ይችላል። ታይሮይድ ሊሆን ይችላል፣ የእንቁልጢ (እንቁላል የሚወጣበት አካል) ችግር ሊሆን ይችላል። ብልቃጥ ሲቀያየር ዓመት ያልፋል። ዓመት ሙሉ ተሞክሮ ካልሆነ፣ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ደግሞ ስድስት ወር ካለፈ፣ ሁለቱም መታየት አለባቸው። ሁለቱም።

ይህ ነገር ኢትዮጵያ ውስጥ ከሃንጋሪ ይልቅ ይከብዳል። በ2016 እና 2017 በትግራይ ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናት ከ10,000 ወሊዶች 131 የነርቭ ቱቦ ጉድለት ተገኝቷል። በሃንጋሪው ሙከራ ፎሊክ አሲድ ያላገኘው ወገን ወደ 10,000 ሲሰላ 29 ያህል ይሆናል። እርግጥ ሆስፒታል የሚደርሰው የከበደው ወሊድ ስለሆነ የትግራዩ ቁጥር ለአገሩ ሁሉ አይወሰድም። ቢቀነስም ግን ከባድ ነው።

እኛ ጋ ነፍሰ ጡር ክትትል ስትጀምር ብረትና ፎሊክ አሲድ አብረው ያሉበት ክኒን ይሰጣታል፤ 60 ሚሊግራም ብረት፣ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ። ጥሩ ክኒን ነው። ለደሟ ይጠቅማታል። ለነርቭ ቱቦው ግን የመሸበት ነው። በ2016ቱ የሕዝብና ጤና ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት እናቶች 20 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ዘግይተው ይመጣሉ ወይም ጭራሽ አይመጡም። ቀድመው ከሚመጡትም ብዙዎቹ 42ኛውን ቀን አልፈውታል። ጼይዘል በ1984 ያለው ይህንኑ ነው፤ ካረገዘች በኋላ የሚደረግ ጥንቃቄ ለዚህ ጉዳይ አይደርስም።

«እኛ እኮ ጎመንና ምስር እንበላለን» የሚል አለ። እውነት ነው፣ ሁለቱም ፎሌት አላቸው። ግን ፎሌት በሙቀት ይጎዳል፤ ውኃ ውስጥም ይሟሟል። ጎመኑን ቀቅለን ውኃውን ስንደፋ ብዙውን አብረን እንደፋለን። ለዚህ ነው አገሮች ዱቄት ውስጥ ፎሊክ አሲድ የሚጨምሩት። ኢትዮጵያም በ2022 የስንዴ ዱቄትን ማበልጸግ ግዴታ አድርጋለች። ችግሩ ግልጽ ነው፤ ወፍጮ ቤት የተፈጨ ጤፍ በዚያ መንገድ አያልፍም። ዳቦ የምትበላዋ ከተሜ ይደርሳት ይሆናል። እንጀራ ብቻ ለምትበላዋ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ አልጻፍኩላትም። አጠር አድርጌ «ለመፀነሱ ብዙ አትጠብቂበት፤ ለልጁ ግን ዋጪው፤ ባልሽም ይመርመር» አልኳት። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅኳት፦ «ፔሬድሽ የመጣው መቼ ነው?»

ትንሽ ቆይታ መለሰች፦ «ትናንት። አልቅሼ ነበር።»

«ታዲያ ዛሬ ሁለተኛ ቀንሽ ነው» አልኳት። «ከእራት በኋላ ጀምሪ።»